የግል ትምህርት ቤት ወላጆች እንዴት ይደራጁ? ከተማ ዳር ለምንኖር ወላጆች የተዘጋጀ መመሪያ

አዲስ አበባ ወደ ዳር ስትሰፋ ሰው ቀድሞ ገባ፣ ትምህርት ቤት ዘግይቶ መጣ። አያት፣ የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ቂሊንጦ፣ ጀሞ፣ ሐና ማርያም፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ። የሁሉም ታሪክ ይመሳሰላል። መጀመሪያ የቤት ቁልፍ ተረከብን። ከዚያ ውሃና መብራት ጠበቅን። ቀጥሎ ልጆቹን የት እናስተምር የሚለው ጥያቄ መጣ። ለብዙዎቻችን መልሱ በኪራይ ቪላ ግቢ የተከፈተ ኬጂ ወይም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሆነ።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች የባለሀብት ልጅ ብቻ የሚማርባቸው አይደሉም። የታክሲ ሹፌር፣ ነርስ፣ ሱቅ ያላት እናት፣ ደመወዝተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ከወር ወጪው ቀንሶ ይከፍልባቸዋል። ግን አከራዩ ቤቱን ሲሸጥ፣ ግቢው ለልማት ሲፈለግ፣ ፈቃድ ሳይታደስ ሲቀር ወይም ክፍያ ሲጨምር መጨረሻ ላይ የሚሰማው ወላጅ ነው። ያውም በቴሌግራም፣ ሐምሌ ላይ፣ ሌላ ቦታ ምዝገባ ካለቀ በኋላ።

ይህ መመሪያ ወላጆች ተደራጅተው የግል፣ የሃይማኖት ድርጅትና የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች እንዲኖሩ፣ እኛም የመምረጥ መብታችን እንዲከበር እንዴት መሟገት እንደምንችል ያሳያል። ከሁሉም በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። የወላጆች ማኅበር ለትምህርት ቤቱ መከራከር የሚችለው ከባለቤቱ ነፃ ሲሆን ብቻ ነው። ባለቤቱ የሰበሰበው፣ ባለቤቱ ሻይ ያጠጣው፣ ባለቤቱ ደብዳቤ የጻፈለት ኮሚቴ የትኛውም ቢሮ ቢሄድ አይሰማም። ባለሥልጣኑ ወዲያው ነው የሚገባው። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

መጀመሪያ፦ ትምህርት ቤቱ በማን ሥር እንዳለ እወቁ

ከተማ ዳር ላይ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። አስፋልቱን ስትሻገሩ አስተዳደሩ ይቀየራል። በአንድ በኩል የአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ አለ። በሌላ በኩል በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለው ሸገር ከተማ አለ። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ለገጣፎ ለገዳዲ ዛሬ የሸገር አካል ናቸው። ብዙ ልጆች ጠዋት ከአንዱ አስተዳደር ተነስተው ሌላው ውስጥ ይማራሉ። ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የሚቆጣጠረውም፣ የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና የሚያዘጋጀውም አካል ይለያያል። የመማሪያ መጻሕፍቱና የማስተማሪያ ቋንቋውም እንዲሁ። ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ የተጻፈ አቤቱታ ለገጣፎ ላለ ትምህርት ቤት አይሠራም። «እኛን አይመለከትም» ተብሎ ይመለስና ጊዜ ይበላል።

ስለዚህ ፈቃዱን እዩ። ብዙ ጊዜ ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ በፍሬም ተሰቅሎ ይገኛል። የማን ማኅተም እንዳለበት፣ እስከ ስንተኛ ክፍል እንደተፈቀደና መቼ እንደታደሰ አንብቡ። አድራሻውንም እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። አንዳንድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፍት ፈቃዱ ለዋናው ግቢ ብቻ የተሰጠ ሊሆን ይችላል። ልጃችሁ የሚማርበት ግቢ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ዛሬ መጠየቅ ይሻላል። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ የፈተና ምዝገባ ላይ ችግር ከመጣ በኋላ መጠየቅ ልጁን ይጎዳል።

የኢንስፔክሽን ደረጃውንም ጠይቁ። ትምህርት ቤቶች በግብዓት፣ በሂደትና በውጤት ተመዝነው ከ1 እስከ 4 ደረጃ ይሰጣቸዋል። ደረጃ 3 እና 4 መስፈርቱን ያሟሉ ናቸው። ደረጃ 1 እና 2 ገና ናቸው። ዳይሬክተሩ «በሂደት ላይ ነው» ካለ የመጨረሻው ውጤት መቼ እንደነበር ጠይቁ፣ ጻፉትም።

ቀጥሎ፦ ትንሽ ሆናችሁ ጀምሩ

መቶ ወላጅ ጠርቶ መጀመር ብዙ ጊዜ አይሳካም። ስብሰባው ወደ ምሬት ይሄዳል። አንዱ ስለ ሰርቪስ፣ ሌላው ስለ ምሳ ዕቃ፣ ሌላው ስለ አንድ መምህርት ይናገራል። መሽቶ ሳይወሰን ይበተናል። ይልቅ ከአምስት እስከ ሰባት ሆናችሁ ጀምሩ። ከየክፍሉ ደረጃ አንድ ሰው ቢኖር ጥሩ ነው፤ ቢያንስ ከኬጂ፣ ከታችኛው ክፍልና ከላይኛው ክፍል።

ሰው የሚገኘው በር ላይ ነው። ልጅ ሲወሰድ የሚቆሙትን፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ ላይ የሚጽፉትን፣ ባለፈው ስብሰባ ረጋ ብለው የጠየቁትን አስተውሉ። በጣም የሚጮኸው ሰው ሁልጊዜ ምርጡ አይደለም። ጽሑፍ የሚችል አንድ ሰው፣ ሒሳብ የሚችል አንድ ሰው፣ ቢሮ መመላለስ የማይሰለቸው አንድ ሰው ያስፈልጋችኋል። እናቶችን ለሻይ ዝግጅት ብቻ አትጥሩ። ትምህርት ቤቱን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው፤ ሰብሳቢነቱም ጸሐፊነቱም ይገባቸዋል።

የባለቤቱ ዘመድ፣ የትምህርት ቤቱ ተቀጣሪና ለትምህርት ቤቱ ዕቃ የሚያቀርብ ነጋዴ አባል ይሁኑ፤ ልጃቸው እዚያው ስለሚማር መብታቸው ነው። ኮሚቴ ውስጥ ግን አይመረጡ። ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበት። ዘግይቶ ከተነሳ ሰው ያስቀይማል።

የስብሰባ ቦታ የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ባይሆን ይመረጣል። የዕድር አዳራሽ ወይም የኮንዶሚኒየሙ ኮሚናል ቤት ይሻላል። እሑድ ከሰዓት ብዙ ሰው ይገኛል፤ ግን የዕድሩን ቀን አጣሩ።

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ወላጅ መምህር ኅብረት፣ ማለትም ወመህ፣ ካለ አትርገጡት። ሄዳችሁ አነጋግሩ። አባላቱ በወላጆች የተመረጡ ከሆነ አጠናክሩት። ዳይሬክተሩ በቃል የሰየማቸው ከሆኑ ደግሞ ምርጫ እንዲካሄድ በጽሑፍ ጠይቁ። ጎን ለጎን ሌላ ኮሚቴ ማቋቋም መጨረሻ የሚደረግ ነው፤ ሁለት ኮሚቴ ያለው ትምህርት ቤት ወላጅ የለውም ማለት ይቻላል።

ኮሚቴ ወይስ የተመዘገበ ማኅበር?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 31 ላይ ማንም ሰው ለማንኛውም ዓላማ በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ዝርዝሩ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ውስጥ ይገኛል። በዚህ አዋጅ ማኅበር ለማቋቋም አምስት ሰው በቂ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የምትመዘገቡት በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ሥራችሁ በሸገር በኩል ብቻ ከሆነ ጉዳዩ ወደ ክልሉ ይሄዳል።

የእኔ ምክር የመጀመሪያውን ዓመት በኮሚቴ ደረጃ ቆዩ የሚል ነው። መመዝገብ ሕጋዊ ሰውነት ይሰጣል፤ በማኅበሩ ስም ባንክ ሒሳብ መክፈት፣ ውል መፈረም፣ ፍርድ ቤት መቆም ይቻላል። ግን ዓመታዊ ሪፖርትና የሒሳብ ሥራ ይዞ ይመጣል። የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ብቻ ከሆናችሁ ወረቀቱ ሊያደክማችሁ ይችላል። የሦስት ወይም የአራት ትምህርት ቤት ወላጆች ስትሆኑ ግን መመዝገቡ ተገቢ ነው። ያኔ ከክፍለ ከተማው ጋር የምትነጋገሩት ስለ አንድ ግቢ መሆኑ ይቀርና ስለ አካባቢው ልጆች ሁሉ ይሆናል።

በሁለቱም መንገድ መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል። ሁለት ገጽ ይበቃል። አባል ማን ነው፣ ኮሚቴው ስንት ዓመት ይሠራል፣ ውሳኔ በስንት ሰው ይጸድቃል፣ ገንዘብ በስንት ፊርማ ይወጣል የሚሉትን ይዟል ማለት ደንብ ሆኗል። አንድ መስመር ግን አትርሱ፦ «ማኅበሩ ከትምህርት ቤቱ ባለቤት ገንዘብም ሆነ የክፍያ ቅናሽ አይቀበልም።» የኮሚቴ አባል ልጅ በነፃ ወይም በቅናሽ እንዲማር የሚደረግበት ቦታ አለ። በቅንነትም ሊደረግ ይችላል። ግን ያ ሰው ሰኔ ላይ ስለ ክፍያ ጭማሪ በነፃነት ሊናገር አይችልም።

መዋጮው ትንሽ ይሁን፤ የፎቶ ኮፒና የትራንስፖርት ወጪ ከሸፈነ በቂ ነው። ደረሰኝ ስጡ፤ በየሦስት ወሩ ለሁሉም አሳውቁ።

ሕጉን በእጃችሁ ያዙ

ብዙ ወላጅ የግል ትምህርት ቤት መምረጥን እንደ ቅንጦት ያየዋል፤ ባለሥልጣንም አንዳንዴ «ካልተመቻችሁ መንግሥት ትምህርት ቤት አለ» ይላል። ለዚህ መልስ የሚሆን ሕግ አለ።

የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 26 ወላጆች ለልጆቻቸው የሚሰጠውን የትምህርት ዓይነት የመምረጥ ቀዳሚ መብት አላቸው ይላል። የኢኮኖሚ፣ የማኅበራዊና የባህል መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 13 ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። መንግሥት ካቋቋማቸው ውጪ ያሉ ትምህርት ቤቶችን ወላጆች የመምረጥ ነፃነት እንዳላቸው ይጠቅሳል። ኢትዮጵያ ይህን ቃል ኪዳን በ1985 ዓ.ም. ተቀብላዋለች። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተርም አንቀጽ 11 ላይ ያንኑ ያስቀምጣል። ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 ላይ ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የሀገሪቱ ሕግ አካል ናቸው ይላል። ስለዚህ ደብዳቤያችሁ ላይ እነዚህን አንቀጾች መጥቀስ የውጭ ሕግ ማምጣት አይደለም፤ የራሳችን ሕግ ነው።

አሁን ደግሞ ያንኑ አንቀጽ 13 እስከ መጨረሻው አንብቡት። ትምህርት ቤቶቹ መንግሥት የሚያወጣውን ዝቅተኛ መስፈርት ማሟላት አለባቸው ይላል። ይህ ለእኛም ለባለቤቱም የተጻፈ ነው። መጸዳጃ ቤቱ የማይበቃ፣ ሜዳ የሌለው፣ ያልሠለጠነ መምህር ክፍል የሚያስገባ ትምህርት ቤት «የወላጅ ምርጫ ነው» በሚል ሊከለል አይገባም። ማኅበሩ ያንን ከተከላከለ ሌላውንም ጥሩ ትምህርት ቤት ይጎዳል። የቁጥጥር ሠራተኞች ሲመጡ ከወላጆች ተቃውሞ ሊገጥማቸው አይገባም። ይልቅ «ጉድለቱ ይህ ነው፣ የማስተካከያ ጊዜ ይህን ያህል ስጡት፣ እኛም እንከታተላለን» የሚል ወላጅ ሊያገኙ ይገባል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለትምህርት በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያዛል። እሱንም አንርሳ። የምርጫ መብት ስንጠይቅ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ይርሱ ማለታችን አይደለም። የአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ምገባ፣ ዩኒፎርምና ደብተር ያቀርባሉ። ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነው። በቅርብ ጥሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ያለው ወላጅ በእርግጥም መምረጥ ይችላል። የሌለው ግን የግሉንም የሚመርጠው ተገዶ ነው።

ይህ መብት በሀገራችን ሁልጊዜ አልነበረም። በደርግ ዘመን የግል ትምህርት ቤቶች ተወርሰዋል። እንደገና በር የተከፈተላቸው ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። የዛሬ ወላጆች አብዛኛዎቹ ከዚያ ወዲህ የተማርን ስለሆንን እንደ ዘላለማዊ ነገር እናየዋለን። በሌላ ሀገርም በትግል የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የፈረንሳይ መንግሥት የግል ትምህርት ቤቶችን ከመንግሥቱ ሥርዓት ጋር ሊያዋህድ ሕግ ሲያረቅ የወላጆች ማኅበራት ፓሪስን በሰልፈኛ ሞሏት። ረቂቁ ተነሳ፤ የትምህርት ሚኒስትሩ አላን ሳቫሪም ሥልጣን ለቀቁ። ሰልፉን ማንም ያስታውሰዋል። ያን ያህል ሕዝብ ያስወጣው ግን ከዚያ በፊት በየትምህርት ቤቱ ለዓመታት ስም ሲመዘግቡ፣ ስብሰባ ሲጠሩ የኖሩት ማኅበራት ሥራ ነው። እኛ የጎደለን ያ ዝምተኛው ሥራ ነው።

መረጃ ሰብስቡ

ቢሮ ስትገቡ «ወላጆች ተቸግረዋል» ማለት ብቻ አይበቃም። አንድ ገጽ መጠይቅ አዘጋጁ። ልጁ ስንተኛ ክፍል ነው? ከቤት እስከ ትምህርት ቤት በእግር ወይም በትራንስፖርት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በአቅራቢያችሁ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የቱ ነው? ቦታ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ምን ተባላችሁ? ይህ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ልጁ የት ይሄዳል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። መልሱ ተቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ባለሥልጣኑ የራሱን ችግር ያየዋል፤ እነዚያን ሁሉ ልጆች የሚያስገባበት ክፍል መፈለግ የእሱ ሥራ ነውና።

የልጆችን ስምና ስልክ ደብዳቤ ላይ አታያይዙ። ድምሩ ይበቃል። የወላጅ ገቢም አትጠይቁ፤ ሰው ይሸሻል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ካስፈለጋችሁ፣ ለምሳሌ በወረዳው ስንት ፈቃድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች እንዳሉ፣ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት።

ምን ትጠይቃላችሁ?

አንዳንድ ወላጅ «መንግሥት ለግል ትምህርት ቤትም በጀት ይስጥ» ይላል። ፈረንሳይ ውስጥ ከመንግሥት ጋር ውል ያላቸው የግል ትምህርት ቤቶች መምህራን ደመወዛቸውን ከመንግሥት ነው የሚያገኙት። ኔዘርላንድስ ከ1917 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱንም እኩል ትደጉማለች። ጥሩ ነው፤ ግን እኛ ዛሬ በዚህ ብንጀምር በሩ ይዘጋብናል። ገንዘብ ብዙም የማይጠይቁትንና ልጁን ነገ ጠዋት የሚጠቅሙትን አስቀድሙ።

ከእነዚህ አንዱ መጽሐፍ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር ልጆች በቴሌግራም የወረደ ፋይል ከፎቶ ኮፒ ቤት እያሳተሙ ነው የተማሩት። የግል ትምህርት ቤት ልጅም የዚችው ሀገር ልጅ ነው፤ ሥርጭት ሲታቀድ እንዲቆጠር ጠይቁ። የመምህራን ሥልጠናም እንዲሁ። የአዲሱን መጽሐፍ ሥልጠና የመንግሥት መምህር ሲወስድ በአንድ ወንበር የግሉም ቢቀመጥ ትልቅ ወጪ አይደለም።

ሌላው ጊዜ ነው። ግቢ ለልማት ሲፈለግ ወይም አከራይ ሲያስለቅቅ ትምህርት ቤቱ እስከ ሰኔ እንዲቆይ ጠይቁ። ጥር ላይ ትምህርት ቤት የቀየረ ልጅ ዓመቱን እንደጀመረ አይጨርስም። ከዚያም አልፎ ለትምህርት የሚሆን ቦታ በሊዝ እንዲመደብ፣ በኪራይ ግቢ የሚሠሩ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ተጣምረው ሊያለሙበት እንዲችሉ ሐሳብ አቅርቡ። ይህ ረጅም መንገድ ነው፤ ግን ከተማ ዳር ላይ መሠረታዊው ችግር መሬት ነው።

ከትምህርት ቤቱም ጠይቁ። በክፍያ ምክንያት የልጅ መሸኛ አይያዝ። ዕዳ የወላጅ ነው፤ በውልና በሕግ ይጠየቃል። ልጅን ያለ መሸኛ ማስቀረት ግን የመምረጥ መብትን ከሥሩ መቁረጥ ነው። ወላጅ ለሞተበት ልጅ ቢያንስ ዓመቱን የሚያስጨርስ ቦታ ይኑር።

የክፍያ ውይይት

ማኅበሩ የሚፈተነው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት ክፍያ ከመጨመሩ በፊት ወላጆችን ጠርቶ መወያየት አለበት። በተግባር ግን ስብሰባው ብዙ ጊዜ ማሳወቂያ ነው። መድረክ ላይ ሦስት ሰዓት ስለ ኑሮ ውድነት ይወራል፤ መጨረሻ ላይ «ተስማምተናል» ተብሎ የመገኛ ፊርማው እንደ ስምምነት ፊርማ ይያያዛል።

መከላከያው ቀላል ነው። ስትገቡ የምትፈርሙበትን ወረቀት ርዕስ አንብቡ። «የተገኙ ወላጆች» ከሌለው እናንተው በእጃችሁ ከላይ ጻፉበት። ቃለ ጉባኤውን የሚጽፍ አንድ ሰው ከእናንተ በኩል ይቀመጥ። ስብሰባው ሳይዘጋ ውሳኔው ጮክ ተብሎ ይነበብ።

ስለ ጭማሪው ስትነጋገሩ በመቶኛ አትነጋገሩ፤ በብር ተነጋገሩ። በመቶኛ ሲባል ትንሽ ይመስላል። ሁለት ልጅ ላለው ቤተሰብ በወር ስንት ብር እንደሚሆን ሰሌዳ ላይ ይጻፍ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ አጥብቃችሁ ያዙ፦ «ከዚህ ጭማሪ ውስጥ ለመምህራን ደመወዝ የሚሄደው ስንት ነው?» ባለቤቱ የኪራዩን ውል፣ የደመወዙን ጠቅላላ ድምርና የታክሱን ወጪ ካሳየ ጭማሪውን መቀበል አያሳፍርም። ኪራይ በእርግጥም ጨምሯል። መምህራን በእርግጥም እየለቀቁ ነው። መምህር በየሴሚስተሩ የሚቀያየርበት ክፍል ርካሽ ሆኖ ምን ይጠቅማል? ግን ቁጥሩን ሳያሳይ «እመኑን» የሚል ባለቤት ቢያንስ ዓመቱ ሳይጀምር በቂ ጊዜ እንዲሰጥ፣ ጭማሪውም በሁለት ዙር እንዲከፈል ተከራከሩ። «ምዝገባ»፣ «መጽሐፍ»፣ «ዩኒፎርም» በሚሉ ስሞች የሚመጡ ክፍያዎችንም ከወርኃዊው ጋር ደምሩ። ብዙ ጊዜ ጭማሪው እዚያ ነው የሚደበቀው።

ደብዳቤው

አጭር ይሁን። አንድ ገጽ፣ አንድ ጉዳይ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«ለ……… ክፍለ ከተማ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ የትምህርት ዘመኑ እስኪጠናቀቅ የመቆያ ጊዜ ስለመጠየቅ። እኛ በ……… ትምህርት ቤት ልጆቻችንን የምናስተምር ወላጆች፣ ትምህርት ቤቱ ያለበት ግቢ በ……… ቀን እንዲለቀቅ መታዘዙን ተረድተናል። የልማት ሥራውን አንቃወምም። ሆኖም ባደረግነው ማጣራት ከ……… ልጆች ውስጥ ……… የሚሆኑት በአካባቢው ሌላ ቦታ አላገኙም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ እስከ ሰኔ 30 እንዲቆይ፣ ካልሆነም ልጆቹ የሚዘዋወሩበት ቦታ በጽሑፍ እንዲገለጽልን በአክብሮት እንጠይቃለን። አባሪ፦ የማጣሪያ ውጤት 1 ገጽ፣ ቃለ ጉባኤ 2 ገጽ። ግልባጭ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለትምህርት ቤቱ።»

ሁለት ነገር አስተውሉ። ደብዳቤው ሁለት ምርጫ ይሰጣል። ባለሥልጣን «አይቻልም» ብሎ እንዳይዘጋው ሁለተኛ በር ያስፈልገዋል። ደግሞም ለትምህርት ቤቱ ግልባጭ አለው፤ ከባለቤቱ ጀርባ የምትሠሩት ነገር የለም።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ። መዝገብ ቤት ገብታችሁ አንዱን ስጡ፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስደርጉ። «ለኃላፊው በእጅ ስጡ» ቢሏችሁም በትሕትና መዝገብ ቤት ይግባልን በሉ። በእጅ የተሰጠ ደብዳቤ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይጠፋል፤ ኃላፊ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከአሥር ቀን በኋላ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ። «የት ደረሰ?» ስትሉ ቁጥር ካላችሁ መዝገብ ቤቷ ወዲያው ታገኘዋለች፤ ከሌላችሁ ግን እንደ አዲስ ትጀምራላችሁ።

በአዲስ አበባ መንገዱ ከወረዳ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ትምህርት ቢሮ ወይም ፈቃዱን ወደሚሰጠው ባለሥልጣን ነው። ደረጃ አትዝለሉ፤ ዘላችሁ ብትሄዱ «ከታች ጀምሩ» ተብላችሁ ትመለሳላችሁ። መልስ ካጣችሁ የምክር ቤት ተመራጫችሁን ማነጋገር፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት ይቻላል፤ እንባ ጠባቂ አቤቱታ ለመቀበል ክፍያ አይጠይቅም። ሬዲዮ መሄድ የሚመጣው ይህ ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። ስትሄዱም የገቢ ቁጥሮቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጋዜጠኛው የሚጠይቃችሁ መጀመሪያ እሱን ነው።

ትምህርትን የሚመለከት አዲስ መመሪያ ሊወጣ ነው ሲባልም ንቁ። በአዋጅ ቁጥር 1183/2012 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ይፋ አድርገው የሕዝብ አስተያየት መቀበል አለባቸው። መመሪያ ከወጣ በኋላ ከመቃወም ረቂቁ ላይ ሦስት አንቀጽ አስተያየት መላክ ብዙ ይሠራል።

ቴሌግራሙ

ሁለት ግሩፕ ይኑር። አንዱ ኮሚቴው ብቻ የሚጽፍበት ማስታወቂያ፣ ሌላው ለውይይት። የመምህራንን ስም ማንሳት፣ ፖለቲካ፣ የሃይማኖት ክርክርና ያልተጣራ ወሬ የተከለከለ ይሁን። ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው የሚል አንድ ያልተጣራ መልእክት ሃምሳ ወላጅ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ያስሮጣል፤ ያኔ ወሬው ራሱ ትምህርት ቤቱን ይዘጋዋል።

በዓመቱ ውስጥ መቼ ምን

መስከረምና ጥቅምት ላይ ምርጫ አድርጉ፣ ፈቃዱን እዩ። ኅዳርና ታኅሣሥ የመጠይቁ ጊዜ ነው። የአጋማሽ ዓመት ውጤት ሲወጣ ከዳይሬክተሩ ጋር ስለ ትምህርቱ ተነጋገሩ፤ ስለ ክፍያ ብቻ የሚመጣ ኮሚቴ እንዳትሆኑ። የክፍያውን ውይይት ከሚያዝያ አታሳልፉት፤ ሰኔ ላይ ወላጅም ባለቤትም መውጫ የለውም። ሐምሌ ላይ ከጎረቤት ትምህርት ቤቶች ወላጆች ጋር ተገናኙ።

የኮሚቴ አባል ልጁ ስምንተኛ ክፍል ሲጨርስ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ በየዓመቱ ሰኔ ቃለ ጉባኤዎቹ፣ የገቢ ቁጥር ያላቸው ደብዳቤዎች፣ የሒሳብ ደብተሩና የቴሌግራሙ አስተዳዳሪነት ለአዲሱ ጸሐፊ ተቆጥረው በፊርማ ይተላለፉ። ርክክቡም ራሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።